ጎንደር ላይ የጎርፍ ዕድልን ለዓመታት እንዴት እናሰላለን?

«የ50 ዓመት ዝናብ» ሲባል ብዙ ሰው በየ50 ዓመቱ ተራውን ጠብቆ የሚመጣ ይመስለዋል። በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ 2 በመቶ ነው ለማለት እንጂ ዘንድሮ ጥሎ ለከርሞም ሊደግም ይችላል። ቀሃ ወይም አንገረብ ዳር ቤት ለሚሠራ ሰው የሚጠቅመው ጥያቄ «በሚቀጥሉት 30 ዓመታት ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ ስንት ነው?» የሚለው ነው።

የጎንደር ጣቢያን የየዕለት ዝናብ መዝገብ ከሚቲዮሮሎጂ ይውሰዱ፤ ከ30 ዓመት ባያንስ ይመረጣል። ከየዓመቱ ከባዱን የአንድ ቀን ዝናብ በሚሊ ሜትር ያውጡ።

ስሌቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ዓመቱን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ከቆጠሩት አንዱ ክረምት ለሁለት ይቆረጣል፤ የነሐሴው ዶፍ ለአሮጌው ዓመት፣ የመስከረሙ ለአዲሱ ይመዘገባል። መዝገቡ የሚመጣው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ሳይለውጡ ይሥሩበት፤ ክረምቱ ሙሉውን አንድ ዓመት ውስጥ ይገባል።

ባዶ ሳጥን ደግሞ ዜሮ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ብዙ ቀን የጎደለበትን ዓመት ከነአካቴው ያውጡት። የጥር ክፍተት ግን ብዙ አይጎዳም፤ በጥር ዶፍ አይጠበቅም። ዝናቡ የሚለካው ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ ያን ሰዓት ያቋረጠ ዝናብ ለሁለት ቀን ይከፈላል። ስለዚህ የ24 ሰዓቱን መጠን ለማግኘት እያንዳንዱን ቁጥር በ1.13 ያባዙ።

ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድረው ተራ ቁጥር ይስጡ። የዓመቱን ብዛት በ1 ጨምረው በተራ ቁጥሩ ሲያካፍሉ የመመለሻ ዘመኑ፣ ማለትም እንዲህ ያለ ዝናብ በአማካይ በስንት ዓመት አንዴ እንደሚመጣ፣ ይወጣል። በ30 ዓመት መዝገብ አንደኛው 31፣ ሦስተኛው 10 ዓመት ገደማ ይሆናል።

የ50 ዓመቱን መጠን በግምት መስመር ስቦ ማግኘት አይመከርም። የየዓመቱን ከባድ ዝናብ ለመገመት የሚውለው የጉምበል ዘዴ ይሻላል፤ አማካዩን ይውሰዱና መደበኛ ልይይቱን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየውን ልኬት) በ3.026 አባዝተው ይደምሩበት። ለ100 ዓመት 3.653 ነው። እነዚህ ለ30 ዓመት መዝገብ የወጡ ናቸው። በየቦታው የሚገኘው 2.592 ማለቂያ ለሌለው መዝገብ የተሰላ ስለሆነ የ50 ዓመቱን ዝናብ ያሳንሰዋል።

ከዚህ በኋላ ካልኩሌተር ይበቃል። 1ን ለ50 ሲያካፍሉ 0.02፤ ከ1 ሲቀንሱ 0.98። ይህን 30 ጊዜ በራሱ ሲያባዙ 0.545፤ ከ1 ሲቀንሱ 0.455፣ ማለትም ወደ 45 በመቶ። ለ100 ዓመቱ ዝናብ 26 በመቶ ይወጣል። 2 በመቶን በ30 አባዝቶ «60 በመቶ» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው፤ በዚያ መንገድ ለ60 ዓመት 120 በመቶ ሊወጣ ነው!

ለመሬት መንቀጥቀጥ የዝናብ መዝገቡ ባይሠራም የመጨረሻው ስሌት ይሠራል፦ የ475 ዓመት መመለሻ ያለው መንቀጥቀጥ በ50 ዓመት ውስጥ 10 በመቶ ዕድል አለው።

የተገኘው የዝናብ ዕድል መሆኑን አይርሱ። ላይኛው ሰፈር በቆርቆሮና በኮብልስቶን ሲሸፈን ያው ዝናብ ወንዙን ይበልጥ ይሞላዋል፤ የድልድይ አፍ በቆሻሻ ሲደፈንም እንዲሁ። በ1998 ክረምት ጎርፍ ለመታው ለደምቢያ ሜዳ ከሆነ ደግሞ የከተማውን ዝናብ ትተው የመገጭን ወንዝ ፍሰትና የጣናን ከፍታ መዝገብ ይዘው ይሥሩ።