የከተማ ፎቶ መጽሐፍ ስታዘጋጁ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ትልቁን ላስቀድም፦ ምርጥ ምርጡን ፎቶ ለቅሞ በተርታ መደርደር። መጽሐፍ አልበም አይደለም። እያንዳንዱ ፎቶ የሚነበበው ከጎኑ ካለው ጋር ነው። በግራ ገጽ ዝናብ ያጠበው አስፋልት፣ በቀኝ መስኮቶቹ በሙሉ የተዘጉ ፎቅ አድርጉና እዩት፤ ለየብቻ ያልነበራቸው ጭር ያለ ስሜት ይመጣል። ፎቅን ከፎቅ ጋር ካጣመራችሁ ግን ዓይን ማወዳደር ይጀምራል፣ አንዱም ሌላውን ይገድለዋል። ስለዚህ በትንንሹ አሳትማችሁ ወለል ላይ ዘርጓቸው፣ ለቀናት በአጠገባቸው ስታልፉ እያያችሁ ቦታ አቀያይሩ። በጣም የምትወዱት ፎቶ ቦታ ካጣ ይውጣ። ያማል፣ ግን ይውጣ።

ሌላው የመሃል ገጹ ነገር ነው። በሙጫ ብቻ የተጠረዘ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም፣ መሃሉን ይውጠዋል። በሁለት ገጽ የተዘረጋው ፎቷችሁ መሃል ላይ ብቻዋን የምትሻገር ሴት ካለች፣ በቃ ጠፋች። ወይ ፎቶውን ወደ አንድ ወገን ግፉት፣ ወይ በክር የተሰፋ ጥራዝ ምረጡ።

ቅርጹንም መጨረሻ ላይ አታስቡት። አሜሪካዊው አርቲስት ኤድ ሩሼ እ.ኤ.አ. በ1966 ሰንሴት ስትሪፕ ከተባለው የሎስ አንጀለስ ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉ ሕንፃዎች ያሳተመው እንደ አኮርዲዮን በሚታጠፍ፣ ሲዘረጋ 7 ሜትር ተኩል ገደማ በሚሆን ወረቀት ላይ ነው። መንገድ ነዋ! ወረቀቱን የሚዘረጋ ሰው መንገዱን አብሮ ይሄደዋል።

ሙከራ ማለት ሁሉንም ማደብዘዝ የሚመስላቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 ቶኪዮ ላይ የተጀመረው ፕሮቮክ መጽሔት በሻካራ፣ በተንቀጠቀጠና በደበዘዘ ፎቶ ይታወቃል፤ ግን ከኋላው ፎቶ ምን ሊናገር ይችላል የሚል ከባድ ጥያቄ ነበረው። የእናንተ ብዥታ ምን እንደሚያደርግ ካላወቃችሁ ተዉት።

በየፎቶው ሥር መግለጫ መለጠፍም ይቅር፣ ቦታና ዓመቱን መጨረሻ ላይ ሰብስቡት።

የሌሊት ፎቶ ያላችሁ ደግሞ ስክሪኑን አትመኑት። ስክሪን ራሱ ያበራል፣ ወረቀት ግን ያረፈበትን ብርሃን ብቻ ነው የሚመልሰው። በተለይ አንጸባራቂ ያልሆነ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል፣ ጥላ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ጥቁር ይሆናል። መጽሐፉ በሚታተምበት በዚያው ወረቀት ናሙና አሠሩና በቀን መስኮት አጠገብ ይዛችሁ እዩት። ጨለማው ውስጥ ያለው የጥቁረት ልዩነት ካልታያችሁ ፋይሉን አፍኩትና ድጋሚ ናሙና ጠይቁ።