ዳራው ከፊቱ ጋር ሲሻማ፦ የፎቶ ብዥታ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የሰው ፎቶ ስናይ ዓይናችን መጀመሪያ ፊቱ ላይ ማረፍ፣ ካረፈም በኋላ እዚያው መቆየት አለበት። ዳራው ስለ ቦታውና ስለ ሰዓቱ ይንገረን፤ ከፊቱ ጋር ግን አይሻማ። ያማረ ብዥታ የምለው ይህንን ነው። ብዙ ፎቶ አንሺዎች የሚለኩት የብዥታውን ብዛት ነው፤ እኔ ጥራቱን አስቀድማለሁ። ክፉኛ ደብዝዞም ዓይን የሚወጋ ዳራ አለ፣ በመጠኑ ለስልሶ ፊቱን የሚያጎላም አለ። በመሀል አዲስ አበባ ስናነሳ የሚደጋገሙት ችግሮች እነዚህ ናቸው፤ አብዛኞቹ አዲስ ሌንስ ሳይገዛ ጥቂት እርምጃ በመራመድ ይፈታሉ።

ዳራው ጭራሽ አልደበዘዘም

አራት ኪሎ ላይ ተመራቂዋን ከአጥሩ ጋር አስጠግታችሁ አቁማችሁ፣ ከካሜራው ጋር በመጣው 18–55 ሚሊሜትር ዙም ሌንስ አነሳችሁ። ከኋላዋ የአጥሩ ዝገት ሳይቀር ይቆጠራል። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው የሌንሱ የብርሃን መግቢያ፣ ማለትም አፐርቸሩ፣ ጠባብ መሆኑ ነው። ስፋቱን ለማወቅ የሌንሱን የትኩረት ርዝመት (በሚሊሜትር የሚጻፈውን) ለኤፍ ቁጥሩ (የመክፈቻው ልክ፣ ለምሳሌ 5.6) አካፍሉ። 55 ሚሊሜትር ለ5.6 ሲካፈል 10 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ 50 ሚሊሜትር ለ1.8 ሲካፈል 28 ገደማ፣ 85 ሚሊሜትር ለ1.8 ሲካፈል 47 ገደማ ይሆናል። ይህን ስሌት የምወደው ውጤቱ በፎቶው ላይ በቀጥታ ስለሚታይ ነው። በጣም ሩቅ ያለ የመብራት ነጥብ የሚሠራው ክብ፣ በተመራቂዋ ፊት ልክ ሲመዘን፣ ያንኑ ያህል ይሰፋል፤ 28 ሚሊሜትር ማለት የአንድ ዓይኗ ስፋት ያህል ነው።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ከእርሷ እስከ ዳራው ያለው ርቀት ከእናንተ እስከ እርሷ ካለው ጋር እኩል ከሆነ፣ ክቡ የሚያገኘው የዚያን ስፋት ግማሽ ብቻ ነው። ዘጠኝ እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ አሥረኛውን ያገኛል። ስለዚህ ተመራቂዋን ከአጥሩ አላቁ፣ ዙሙን እስከ 55 አድርሱ፣ ቀረብ ብላችሁ ደረቷን ብቻ ያዙ። ቸርችል ጎዳና ለዚህ የተመቸ ነው፦ ከማዘጋጃ ቤቱ በኩል ቁልቁል ወደ ለገሃር ስታዩ መንገዱ ራሱ ረጅም ርቀት ይሰጣችኋል፤ በዚያው ተራ ሌንስ እንኳ ዳራው ይለሰልሳል።

ደብዝዞም ይረብሻል

ከሁሉም አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ገንዘብ አውጥተን ውድ ሌንስ ከገዛን በኋላም ይከተለናልና። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ አጉልታችሁ ከሰውየው ጆሮ በስተኋላ ያለውን ቀጭን ቅርንጫፍ ተመልከቱ። አንድ የነበረው ሁለት ሆኗል፦ ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮች፣ መሀላቸው የሳሳ። በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ የገባውን የፀሐይ ነጥብ ደግሞ እዩት። ክብ ነው፤ ዳር ዳሩን ግን እንደ ቀለበት የደመቀ ቀጭን መስመር ከቦታል። እንዲህ ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ቀለበቶች ሲደራረቡ ዳራው ይንጫጫል።

ምንጩ ሌንሱ ብርሃኑን በክቡ ውስጥ የሚያከፋፍልበት መንገድ ነው። ከሌንሱ ዳርና ከመሀሉ የሚያልፉት ጨረሮች አንድ ቦታ ላይ በትክክል አይገናኙም፤ ሠሪዎቹ ጥርት ያለ ምስል ለማግኘት ይህንን ጉድለት ሲያርሙ አንዳንዴ እርማቱ ከልክ ያልፋል። ያን ጊዜ ከሰውየው በስተኋላ ያለው ክብ ጠርዙ ይደምቃል፣ ከፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ ይለሰልሳል። እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው፦ መሀሉ ደምቆ ወደ ዳር እየሳሳ የሚጠፋ ክብ፣ ከጎረቤቱ ጋር ያለ ስፌት የሚዋሃድ። ለዚህ ተብለው የተሠሩ ሌንሶች አሉ። ሚኖልታ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ135 ሚሊሜትሩና ፉጂፊልም በ2014 ያወጣው ባለ56 ሚሊሜትሩ ወደ ዳር እየጠቆረ የሚሄድ ማጣሪያ ውስጣቸው አለ። ውጤታቸው ያምራል፤ ዋጋቸው ግን ለብዙዎቻችን አይቀመስም።

ደግነቱ የሌንሱ ጠባይ የሚጋለጠው ዳራው ውስጥ ብርቱ የብርሃንና የጥላ ልዩነት ሲኖር ነው። እኩለ ቀን ላይ የጃካራንዳ ቅጠል፣ የብረት አጥር፣ በመስቀል አደባባይና በለገሃር በኩል የሚያልፈው የቀላል ባቡር የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ እነዚህ ሁሉ ማንኛውንም ሌንስ ያሳፍራሉ። መስቀል አደባባይ ላይ ከሆናችሁ ደረጃው መፍትሄ ነው። ሰውየውን ዝቅ ካለው እርከን ላይ አቁሙ፣ እናንተ ከፍ ካለው ሆናችሁ ቁልቁል አንሱ፤ ሽቦው ከፎቶው ይወጣና ዳራችሁ የአደባባዩ ወለል ይሆናል። ዛፍ ባለበት ቦታ ደግሞ ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ከሰውየው ጀርባ እስኪገባ ወደ ጎን ተራመዱ። ደመና ፀሐይዋን እስክትሸፍን መጠበቅም ያዋጣል። በረጅም ዙም ላይ የተገጠመ ርካሽ ማጣሪያ መስታወትም ድርብ መስመሩን ሊያባብስ ስለሚችል አውልቃችሁ ሞክሩ።

የማታ መብራቶች ክብ አልሆኑም

ክቦቹ መሀል ላይ ደህና ሆነው ወደ ፎቶው ጠርዝ ሲሄዱ እንደ ድመት ዓይን ከጠበቡ፣ በሰያፍ የሚገባውን ብርሃን የሌንሱ ቱቦ ከጎን እየከለለው ነው። ከኤፍ 1.8 ወደ 2.8 አጥብቡ፤ በአብዛኛው ይስተካከላል። ሄሊዮስ 44 የተባለው የሶቪየት ሌንስ በዚሁ ምክንያት ዳራውን ያሽከረክረዋል። የሚወዱት አሉ፤ እኔ ለሠርግ አልጠቀምበትም፣ ዓይን ከሙሽሮቹ ይልቅ ሽክርክሩን ይከተላልና።

አጥብባችሁ ባለ ሰባት ጎን ቅርጽ ከመጣ የአፐርቸሩ ምላጮች ሰባት ናቸው ማለት ነው፤ መልሳችሁ ትንሽ ክፈቱ። በክቡ ውስጥ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት የሚታየው ሌንሱ ሲመረት ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ዱካ ስለሆነ ምንም አታደርጉትም። ጥቋቁር ነጠብጣብ ካለ ግን አቧራ ነው፤ የሌንሱን የኋላ መስታወት በጥንቃቄ አጽዱ። ክቦቹ በአግድም የተሰነጠቁ ከመሰሉ ደግሞ ጥፋቱ የመንገዱ የኤልኢዲ መብራት ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙዎቹ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ድምፅ አልባውን ሹተር (ብርሃኑን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ክፍል) ትታችሁ መካኒካሉን ምረጡ፣ ፍጥነቱን 1/50 ወይም 1/100 አድርጉ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያሉት 20 ደቂቃዎች ከሌሊቱ ሁሉ ይበልጣሉ። ሰማዩ ገና ሰማያዊ ስለሆነ ክቦቹ በጥቁር ላይ አይጮሁም። በእኛ አገር ምሽቱ ቶሎ ስለሚጨልም ቀድማችሁ ተገኙ።

ቀን ላይ ሁሉም ነገር ነጣ

በጠራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ 1.8 ላይ የሚያስፈልገው የሹተር ፍጥነት 1/8000 ሰከንድ ገደማ ነው። ካሜራችሁ ከ1/4000 ካላለፈ ጥላ ውስጥ ግቡ ወይም ብርሃን ቀናሽ ማጣሪያ ግጠሙ።

ብዥታው በዛ፤ ቦታው ጠፋ

ፒያሳ ድረስ ሄዳችሁ፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ከነፈረሱ ቆሞ፣ በፎቶው ላይ ግን ቡናማ ጥላ ብቻ ከቀረ ያ ፎቶ የትም ሊነሳ ይችል ነበር። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው። በ85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ሙሉ ፍሬም (36 በ24 ሚሊሜትር የምስል መቀበያ) ባለው ካሜራ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ በኤፍ 1.8 ስታነሱ ጥርት የሚለው ጥልቀት ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሙሽራዋ ዓይን ጠርቶ ጆሮዋ ይጠፋል። ወደ ኤፍ 4 አጥብቡ፣ ሁለት ሦስት እርምጃም ወደ ኋላ በሉ። ፈረሱ ፈረስ መሆኑ እስኪለይ ድረስ ሞክሩ፤ ሁለቱም ፊቶች በዚያው ይጠራሉ።

የስልክ ብዥታ ጠርዙን በላው

የስልክ ሌንስ መግቢያ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ብዥታውን የሚሠራው ሶፍትዌሩ ነው፤ የቱ ቅርብ፣ የቱ ሩቅ እንደሆነ ይገምትና ሩቁን ያደበዝዛል። ስህተቱ የሚታየው በነጠላ ዘርፍ ላይ ነው፦ ክሩ ከትከሻው ላይ ጥርት ብሎ ይወርድና መንገድ ላይ ይቆረጣል፣ ከዚያ በታች ከዳራው ጋር ይደበዝዛል። በከርዳዳ ፀጉር ዙሪያና በክንድና በወገብ መካከል ባለው ክፍተትም ያው ነው። ሰውየውን ከነጠላው ቀለም የተለየ፣ ወጥና ራቅ ያለ ዳራ ፊት አቁሙ፤ ነጭ ነጠላ በነጭ ግድግዳ ላይ ለስልኩ ፈተና ነው። ብርሃን በቂ ይሁን። የብዥታውን መጠን የሚያስተካክለውን ተንሸራታች ማስተካከያ ከፍተኛው ላይ አትተዉት፤ ብዙ ስልኮች ፎቶው ከተነሳ በኋላም ስለሚያስቀይሩት ዘርፉ ሙሉ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ቀንሱት።