የሱፍ አሻንጉሊት በመርፌ ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ሐዋሳ፣ ቤቴ እየመጡ የሱፍ አሻንጉሊት መሥራት የሚማሩ ልጆች አሉ። ሥራው ስፌት አይደለም፤ ልቅ ሱፍን ጎኑ ላይ ትንንሽ ጥርሶች ባሉት መርፌ ደጋግሞ እየወጉ ማጠንከር ነው። እጃቸው ፈጣን ነው፤ እወዳቸዋለሁ። ዓይን ለመትከል የሚጣደፉት ነገር ግን ትዕግሥቴን ያስጨርሰኛል።

ትልቁ ጥፋት ይኸው ነው፦ ሱፉ ሳይጠነክር ፊት መሥራት። ድቡልቡሉ ጭንቅላት ጭንቅላት ሲመስል «ደረሰ» ይላሉ። አልደረሰም! በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ከጎደጎደ ገና ጥሬ ነው። ብርቱካን የሚያክለው ልቅ ሱፍ ሎሚ እስኪያክል ድረስ ሊጠቀጠቅ ይገባል። እኔ ለአንድ ጭንቅላት ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ እቀመጣለሁ። ባልጠነከረ ጭንቅላት ላይ የተተከለ አፍንጫ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ለማስነሣት ሱፍ ትጨምራላችሁ፤ ጉንጩ ያብጣል፤ ጉንጩን ስትወጉ ደግሞ ዓይኑ ይንሸዋረራል። ባለፈው ክረምት አንዷ ተማሪዬ ሦስት ቀን የደከመችበትን ፊት ከነዓይኑ አፍርሰን እንደገና ጀመርን። አለቀሰች። እባካችሁ፣ ፊቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

በባዘቶ መሞከርም አለ። ባዘቶ በቀላሉ ይገኛል፣ ነጭ ነው፣ ሱፍ ይመስላል፤ ግን ጥጥ ነው። የበግ ጠጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፤ ባለጥርሱ መርፌ ሲጎትተው ጠጉሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይቀራል። ጥጥ ይህ ቅርፊት ስለሌለው ቀኑን ሙሉ ብትወጉትም እንደ ሱፍ አይጠነክርም። ባና የሚሠራበት የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ቢሆንም ለአሻንጉሊቱ ውስጥ ጥሩ ነው፤ ለፊቱ ለስላሳውን ከላይ አልብሱት። ሱፉን ከመሥራታችሁ በፊት ስታጥቡት በሙቅ ውኃና በሳሙና አትሹት፤ ሳፋው ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቀራል። ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ ተዉት።

የልብስ መርፌ አይሆንም፤ ጥርስ የለውም። ከባለጥርሶቹ መካከል ቁጥሩ ከፍ ያለው ይቀጥናል፦ በ36 ጀምራችሁ ቅርጹን በ38 አስይዙ፤ ቆዳውን በ40 አለስልሱ።

እጅና እግርን እስከ ጫፍ አትጠቅጥቁ። ከገላው ጋር የሚገናኘው በኩል ልቅ ሆኖ ካልቀረ የሚያያዝበት ጠጉር አይኖረውም።

መርፌው በገባበት አቅጣጫ ይውጣ። ውስጥ እያለ ካጎበጣችሁት ይሰበራል። ይህን የምለው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ለእህቴ ልጅ አሻንጉሊት ስሠራ የመርፌው ጫፍ ተሰበረ፤ የት እንደገባ ሳልፈልግ መርፌ ቀይሬ ቀጠልኩ። እህቴ አሻንጉሊቱን ስትጨብጥ መዳፏን ወጋት። ልጅቷ በዚያው ምሽት አቅፋው ልትተኛ ነበር። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስጀምርና ስጨርስ የእያንዳንዱን መርፌ ቁመት ካልተነካ አዲስ መርፌ ጎን አድርጌ አያለሁ። ካጠረ፣ መጀመሪያ የምሠራበትን ስፖንጅ እፈትሻለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጫፉ እዚያ ተሰክቶ ይገኛል። ከዚያ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁትን ማግኔት አሻንጉሊቱ ላይ አዞራለሁ። ማግኔቱ ላዩ ላይ ያለውን እንጂ ጠልቆ የገባውን አያወጣም። ስለዚህ ጫፉ ካልተገኘ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አሻንጉሊቱን በመቀስ እቆርጠዋለሁ፤ ለልጅ አልሰጠውም።