የከሳ ውሻ እንዲፋፋ

የውሻችሁ የጎን አጥንት ከሩቅ የሚቆጠር ከሆነ አንድ ሳህን ሞልታችሁ አትስጡት። ወይ ያስመልሰዋል፣ ወይ ያስቀምጠዋል። ያንኑ ምግብ በቀን አራት ቦታ ከፋፍሉት። የተዳከመ ሆድ ትንሽ ትንሹን በደንብ ይፈጫል።

እዚህ ጅማ እኔ የምጠቀመው ከሥጋ ቤት የሚገኝ ሳንባና ቁርጥራጭ ነው። ከግማሽ ሰዓት በላይ ይንተከተክ። በሳንባና በጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ውሻው ጥሬውን ከበላው ትል ይሆንበታል፣ ከእሱም ወደ ሰው ይተላለፋል። ከሩዝ ጋር ለውሱት፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ፍርፍር አድርጉበት፣ ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። ቁም ነገሩ ዘይቱ ነው፦ 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ ሩዙ 4 እንኳ አይሞላም። ማንኪያውን ግን አታብዙ፣ ተቅማጥ ያመጣል።

የተረፈ ወጥ ይቅር። ሽንኩርቱ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል።

ይህ ሁሉ የትል መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ነው፤ አለዚያ የምትቀልቡት ትሉን ነው። የሚያስመልሰው ወይም ምግብ እምቢ ያለ ውሻ ከሆነ ደግሞ ዘይቱን ትታችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።