ሀስኬል ላይ ኤረርና የማያልቅ ሉፕ እንዴት እንደሚያዝ

ሀዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጥ ጓደኛ አለኝ፣ ማታ ማታ የቀኑን ሽያጭ በቴሌግራም ይልክልኝና ሀስኬል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በጻፍኳት ሚጢጢ ፕሮግራም እደምርለታለሁ። አንድ ማታ 200 ማለት ሲችል «ሁለት መቶ» ብሎ በፊደል ላከው፣ ፕሮግራሟም «ኖ ፓርስ» (ቁጥር አድርጌ ማንበብ አልቻልኩም) ብላ እዛው ክራሽ።

መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ሪድን አውጡና ሪድሜይቢን አስገቡ፣ ቴክስት ሪድ የሚባለው ሞጁል ውስጥ አለላችሁ። ቁጥር ከሆነ ጀስት 200፣ ካልሆነ ነቲንግ (ምንም) ይመልሳል፣ ጀስት ወይም ነቲንግ የሚሆነው ይሄ ዓይነት ውጤት ሜይቢ ይባላል፣ ነቲንግን ደግሞ ዝም ብላችሁ ልደምር ብትሉ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር አያሳልፋችሁም፣ ኬዝ (እንዲህ ከሆነ ይሄን፣ እንዲያ ከሆነ ያንን) ከፍታችሁ ሁለቱንም ማየት ግድ ነው።

ነቲንግ ግን ምን እንደተበላሸ አይነግራችሁም። ስለዚህ ወደ አይዘር ቀይሩት፣ ሌፍት ላይ «መስመር 14 ቁጥር አይደለም»፣ ራይት ላይ ብሩን። እርምጃዎችን በተከታታይ በሚያያይዘው በዱ ካያያዛችሁት የመጀመሪያው ሌፍት ላይ ይቆማል፣ እኔ ግን ጓደኛዬን ለእያንዳንዱ ስህተት መደወል ስለሰለቸኝ በፓርቲሽንአይዘርስ ስህተቱን ለብቻ ብሩን ለብቻ አወጣዋለሁ።

ያንገበገበኝ ሌላኛው፣ የማያልቀው ሉፕ (ሳይቆም የሚደጋገም ስሌት) ነው። ዓሣው ስንት ሣጥን እንደሚሞላ ለማስላት 12 እየቀነሰ ዜሮ ሲደርስ የሚቆም ፈንክሽን ጻፍኩ። 24 ሲሆን ሸጋ፣ 30 ሲሆን ግን 18፣ 6፣ ከዛ ኔጋቲቭ 6 እያለ ዜሮን ዘሎ ቁልቁል ነጎደ፣ ላፕቶፔ ራሙ አልቆ ደረቀ። ሜይቢም አይዘርም እዚህ ጋ አያድኑም ምክንያቱም ፈንክሽኑ ካልተመለሰ ነቲንግም አይመጣም። ማንኛውንም ፕሮግራም አይቶ ይቆማል አይቆምም የሚል ፕሮግራም ደሞ አትጠብቁ፣ እንደማይቻል የሒሳብ ሊቁ አለን ቱሪንግ 1936 ላይ አሳይቷል።

ስለዚህ ማቆሚያውን «ዜሮ ወይም ከዛ በታች» አድርጉት። ማለቁን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ነዳጅ ስጡት፣ ማለትም 1000 የሚል ተጨማሪ ቁጥር አቀብሉትና በየዙሩ አንድ ይቀንስ፣ ካለቀበት ነቲንግ ይመልስ (ቢያንስ ይሄኛው ነዳጅ ሰልፍ የለውም)።

የተሰጠው ጊዜ ሲያልቅ ስሌቱን የሚያቋርጥ ታይምአውትም አለ፣ የሚቆጥረው በማይክሮሰከንድ ስለሆነ ለ2 ሰከንድ 2000000 ስጡት። ግን ተጠንቀቁ፣ ሀስኬል ሰነፍ ነው (ውጤቱ ካልተፈለገ አያሰላም)፣ ስሌቱን በሪተርን ብቻ ከሰጣችሁት ሳያሰላ ጀስት ብሎ ወዲያው ይመልስና በኋላ ፕሪንት ስታደርጉ ይንጠለጠላል። በሪተርን ፈንታ ኢቫልዩኤት (አሁኑኑ አስላ) አድርጉት፣ ለሊስት ከሆነ እሱም የሚያየው መጀመሪያዋን ብቻ ስለሆነ ሁሉንም እስከ መጨረሻ የሚያሰላውን ፎርስ ጨምሩበት።