መሃል አዲስ አበባ ከአረጋዊ ወላጅና ከትንሽ ልጅ ጋር ለምትገቡ ተመላሾች

በዚህ ክረምት ብቻ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ አላውቅም። ጥያቄው ግን አንድ ነው። "ከውጭ ጠቅልዬ ገባሁ። እናቴ አርጅታለች፣ ልጄ ገና 3 ዓመቱ ነው። ማን ጋ ልሂድ?" መጠየቁ አያስከፋኝም። የሚያበሽቀኝ መልሱን ሰምቶ "እሺ" ካለ በኋላ ደላላ ይዞ የሚሄደው ነው። ስለዚህ አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

የምናገረው ስለ መሃል ከተማው ነው። አራዳ፣ ቂርቆስ፣ ልደታ፤ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ።

መጀመሪያ ወረዳ

እዚህ የአረጋዊም የሕፃንም አገልግሎት የተንጠለጠለው ወረዳ ላይ ነው። የጤና መድኑ፣ የመንግሥት አፀደ ሕፃናቱ፣ የልደት ምዝገባው፣ ለአቅመ ደካሞች የሚሰጠው ድጋፍ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የየት ወረዳ ነዋሪ እንደሆናችሁ ነው። መዝገብ ላይ የሌለ ሰው ገንዘብ ቢኖረውም አይስተናገድም። ስለዚህ ሻንጣ ሳትፈቱ የቤታችሁን ወረቀት አስተካክሉ።

ከተከራያችሁ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ወረዳም ይመዝገብ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን ያስገድዳል። ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። አከራዩም ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። "ለዳያስፖራ የዓመት ቅድሚያ ነው" የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ። ያልተመዘገበ ውል ይዞ ወረዳ መመላለስ ጫማ መጨረስ ነው።

የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን አውጡ። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ መኖርና መሥራት ትችላላችሁ። ለልጆቻችሁም አውጡ። ብዙ ወላጅ የራሱን ጨርሶ የልጁን ይረሳል።

የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ሌላ ጉዳይ ነው። በተወለደበት አገር መረጋገጥ አለበት፣ እዚያው ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማኅተም ሊያርፍበት ይገባል፣ እዚህ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሳትሳፈሩ ጨርሱ። እዚህ ከደረሳችሁ በኋላ ወረቀቱን መልሶ መላክ፣ እዚያ የሚሯሯጥ ዘመድ መለመን ነው። ለምን እንዲህ ቀላል ነገር እንደሚረሳ አይገባኝም። ለሶፋና ለቴሌቪዥን ኮንቴይነር የሚያፈላልግ ሰው ለልጁ ወረቀት አንድ ቀን አያጣም።

ፋይዳ፣ ማለትም ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ፣ ለሁላችሁም ያስፈልጋል። ባንኩም ይጠይቃል። ምዝገባው ነፃ ነው። "የአባቴ የጣት አሻራ ጠፍቷል" ብላችሁ አታስቀሯቸው። ዓይንና ፊትም ስለሚነሳ ይዛችኋቸው ሂዱ።

መሸኛ ሳትይዙ አታንቀሳቅሷቸው

ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው በእኔ ላይ ስለደረሰ ነው።

ስመለስ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በኖረችበት ሰፈር ብቻዋን ነበረች። ወደ ተከራየሁት ቤት አመጣኋት። ሁለቱ ቤቶች በታክሲ ቅርብ ናቸው፤ ወረዳቸው ግን የተለያየ ነው። እናቴ ደም ግፊትና ስኳር አለባት። መድኃኒቷን የምታገኘው በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ ከድሮ ሰፈሯ ጤና ጣቢያ ነበር። አዲሱ ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ ካርዷን አይቶ "የእኛ አባል አይደሉም" አለ። መድኑ ከወረዳ ጋር የታሰረ ስለሆነ በእነሱ አልፈርድም። አዲሱ ወረዳ ስንሄድ "መጀመሪያ መሸኛ አምጡ" ተባልን። የነበረችበት ወረዳ "ነዋሪዬ ነበሩ፣ ለቀዋል" ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው።

ወደ ድሮው ወረዳ ሄድን። ሰፈሩ ለልማት ተነስቶ ስለነበር ጽሕፈት ቤቱ ቦታ ቀይሯል። ፋይሏ ሲፈለግ ጠፋ። አንድ ቀን "ሲስተም የለም"፣ ሌላ ቀን "ኃላፊዋ ስብሰባ ናት"፣ በሌላ ቀን "ባለጉዳይዋ ራሳቸው ይምጡ"። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ደረጃ ወጥታ ወንበር በሌለበት ኮሪደር ቆመች። ቆማ ውላ "ነገ ኑ" ተባለች። በዚህ መሃል የመድኑ ማደሻ ጊዜ አለፈ። በአባልነት እስክትመለስ ድረስ መድኃኒቷን ከግል ፋርማሲ ገዛን። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ። "ቤቴ ብሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ ለምን አመጣሽኝ?" ያለችኝን ግን አልረሳውም።

ስለዚህ ወላጃችሁ ዕቃቸውን ሳይጭኑ በፊት የድሮው ወረዳ ሂዱ። መታወቂያቸውንና የቤቱን ወረቀት ኮፒ ያዙ። እሳቸውንም አንድ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ፣ በጠዋት። ፋይሉ መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ። መሸኛው ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ያለው ይሁን። የጤና መድናቸው እስከ መቼ እንደሚያገለግል ጠይቁ፤ ማደሻው ከተቃረበ አድሳችሁ ውጡ። ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለአስም ክትትል ያላቸው ከሆነ ጤና ጣቢያው የካርዳቸውን ማጠቃለያ እንዲጽፍላችሁ ለምኑ። የአንድም ሰነድ ዋናውን ለማንም አታስረክቡ፣ ኮፒ ብቻ።

"ነገ ኑ" ሲበዛ ዝም አትበሉ፤ አትጩሁም። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ቀጥሎ የወረዳው ቅሬታ ሰሚ፣ ካልሆነም ሥራ አስፈጻሚው ጋ ግቡ። ጉዳይ ገዳይ ግን እንዳትይዙ። በገንዘብ ያወጣላችሁ መታወቂያ ፎርጅድ ከሆነ የሚጠየቁት እሱ ሳይሆን አሮጊቷ እናታችሁ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው ያለቀሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ከተቻለ ጭራሽ አታንቀሳቅሷቸው

ይሄ የራሴ አቋም ነው። ዳያስፖራው መጀመሪያ የሚያስበው ወላጁን "ከዚህ ከድሮ ቤት ማውጣት" ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ያስቀምጣቸዋል። ቤቱ ንጹህ ነው፣ ውኃው ውስጥ ነው። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ የሚወርዱት ለሐኪም ብቻ ነው። ቡና የሚጠራቸው የለም፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ይርቃቸዋል። እኔ ብሆን እናንተ ወደ እነሱ ሰፈር ቀርባችሁ ተከራዩ እላለሁ። ቤታቸውን አሳድሱላቸው፣ መጸዳጃ ቤቱ ላይ መያዣ ብረት አስገጥሙ፣ ደረጃውን አስተካክሉ።

እድራቸውንም እንዳታስቋርጡ። እድር የቀብር ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ሰፈር ውስጥ ማን እንደታመመ፣ ማን ከቤት እንዳልወጣ የሚያውቀው እድሩ ነው። አባል ሲታመም የሚጠይቁ፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚደግፉ እድሮች ብዙ ናቸው። ወርሃዊ መዋጮው ለእናንተ ኢምንት ነው። ክፈሉ፣ ስብሰባውም ላይ በወላጃችሁ ምትክ ተገኙ። ስማችሁንም አስመዝግቡ፤ ነገ ለእናንተም ነው። የፒያሳና የካዛንቺስ ነዋሪ በኮሪደር ልማቱ ሲነሳ፣ ገላን ጉራና ሌላ ሌላ ቦታ ሲበተን፣ አብሮ የተበተነው ይህ መተዋወቅ ነው። የወላጃችሁ ሰፈር ከተነሱት ከሆነ የእድሩን ዳኛ ፈልጉና አባላቱ የት እንዳሉ፣ አሁንም ይሰበሰቡ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎቹ ሰፈራቸው ፈርሶም እድራቸውን አላፈረሱም።

"እንደዚያ አገር የአረጋውያን መኖሪያ የለም ወይ?" የሚሉኝም አሉ። መቄዶንያ አለ። ግን መቄዶንያ ጎዳና ላይ ለወደቁ፣ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያንና ለአእምሮ ሕሙማን ነው። ልጅ እያላቸው እናታቸውን እዚያ ለማስገባት የሚጠይቁኝ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ሄዳችሁ እርዱ እንጂ የሌላውን አልጋ አትያዙ።

ሕክምና

ለአረጋዊ የመጀመሪያው በር ጤና ጣቢያ ነው። በመድን የሚታከም ሰው ቀጥታ ሆስፒታል ቢሄድ ይመለሳል። ጤና ጣቢያው ሪፈር ጽፎ ነው ዘውዲቱ፣ ራስ ደስታ፣ የካቲት 12 ወይም ምኒልክ የሚልከው። ድንገተኛ ሲሆን ይሄ አይሠራም፣ በቀጥታ ውሰዷቸው። የዓይን ሞራ ካለባቸው የምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል የታወቀ ነው። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ዓይኑ እስኪጠፋ አትጠብቁ።

መድኃኒት ስትገዙ መጀመሪያ የከተማው አስተዳደር የሆኑትን ከነማ ፋርማሲዎች ሞክሩ፤ ዋጋው ይሻላል። ከውጭ ያመጣችሁት ኪኒን ሲያልቅ የንግድ ስሙን ይዛችሁ አትዙሩ፣ የመድኃኒቱን ዋና ስም አጽፉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የከተማው እሳትና አደጋ 939 ነው። ሁለቱንም በትልቁ ጽፋችሁ ቤት ውስጥ ለጥፉ፤ ለሠራተኛዋም አሳዩአት።

በወላጃችሁ ስም ባንክና ጡረታ የምትከታተሉ ከሆነ አእምሯቸው ንቁ ሳለ ውክልና ውሰዱ። የሚሰጠው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። ታመው መምጣት ለማይችሉ ቤት ድረስ ሄደው ስለሚያረጋግጡ ይህንንም ጠይቁ። ውጭ ሳላችሁ በኤምባሲ ያዘጋጃችሁት ውክልናም እንደ ልደት ወረቀቱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማለፍ አለበት።

ወደ ልጆቹ

ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ከውጭ የመጣውን የክትባት ካርድ ይዛችሁ ሂዱና ከዚህ አገር መርሐ ግብር ጋር ያስተያዩላችሁ። እዚህ ሕፃን እንደተወለደ ለሳንባ ነቀርሳ ቢሲጂ ይከተባል። አሜሪካና ካናዳ የተወለደ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አልወሰደም። ኩፍኝም እዚህ በ9 ወርና በ15 ወር ነው የሚሰጠው፤ እዚያ ግን ቀኑ ሌላ ነው። "ሁሉንም ጨርሷል" ብላችሁ አትለፉት። ጎድሎ ከተገኘ መቼና እንዴት እንደሚሟላ እዚያው ጠይቁ።

እዚህ የምትወልዱ ደግሞ ልደቱን በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። ጊዜው ካለፈ ሌላ ጣጣ ነው። ቀኑን ስትጽፉ የኢትዮጵያውንና የፈረንጁን አቆጣጠር አረጋግጡ። ወረዳው አንድ ቁጥር ከሳተ ልጁ ትምህርት ቤት በገባ ቁጥር ስትከራከሩ ትኖራላችሁ።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ ከብዙዎቻችሁ ጋር አልስማማም። አማርኛ የማይችል ልጅ ይዛችሁ፣ በውድ ክፍያ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያወራበት ቦታ ታስገቡታላችሁ። ከዚያ "ከአያቱ ጋር አይግባባም" ብላችሁ ታዝናላችሁ። የመንግሥት አፀደ ሕፃናትን ቢያንስ ሄዳችሁ እዩት። ልጆቹ ቁርስና ምሳ ይመገባሉ፣ ምገባው እስከ 8ኛ ክፍል ይቀጥላል። ክፍሉ ሊጨናነቅ ይችላል፣ ይሄን አልክድም። ልጁ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከሰፈሩ ልጆች ጋር አማርኛ ይናገራል። 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ እንደሆነም እወቁ፤ በ6 ዓመቱ እዚያ የጀመረ ልጅ እዚህ ወደኋላ ሊመለስ ይችላል።

ከተማው የቀዳማይ ልጅነት ዕድገት ፕሮግራም አለው። ቤት ለቤት እየዞሩ ነፍሰ ጡሮችንና የትንንሽ ልጆችን ወላጆች የሚያማክሩ ሴቶች አሉ። ቅድሚያው ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ ነው፣ ተገቢም ነው። እናንተ ባትደርሱበት እንኳ የተከራያችሁበት ግቢ ውስጥ የምትኖር ችግረኛ እናት ካለች ወረዳ ሄዳ እንድትጠይቅ ንገሯት። ብዙ ሰው ስላልሰማ ነው የሚቀርበት።

ሥራ ላላችሁ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ሕጉ ያዛል፤ መሥሪያ ቤታችሁን ጠይቁ። የግል ደይኬር ስትመርጡ ስንት ልጅ በአንዲት ሞግዚት እጅ እንዳለ ቆጥሩ፣ ሳታሳውቁም ሄዳችሁ እዩ። ቤት ሞግዚት የምትቀጥሩ ከሆነ መታወቂያዋን ኮፒ አድርጉ፣ የታወቀ ዋስ ትጥራ፣ ደመወዟንም በቀኑ ክፈሏት። ከመንገድ ደላላ ያመጣትን ልጅ በማግስቱ ሕፃን ይዛ ብቻዋን የሚተዋት ሰው አይቻለሁ። ለልጅቷም ለሕፃኑም ጥፋት ነው።

አያትና ልጅ አብረው የሚውሉበት ቦታ ካስፈለገ 4 ኪሎ፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል አለው። ወዳጅነት ፓርክም ሜዳው ሰፊ ነው፤ ለጉልበት ሕመምተኛ ግን እግረ መንገዱ ስለሚረዝም ማረፊያ እያሰባችሁ ሂዱ።

የአፀደ ሕፃናት ምዝገባ ክረምት ላይ ነው። መስከረም ላይ የሚመጣ ወላጅ ቦታ ያጣል። የነዋሪነት መታወቂያችሁን፣ የልጁን የልደት ወረቀትና የክትባት ካርዱን አዘጋጅታችሁ ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ተከታተሉ።