ፍሬሙ ቴክላ ላይ ቆሞ ሳፕ ላይ ለምን ይወድቃል? ችግርና መፍትሄ

ከጅማ ወጣ ብሎ ለሚሠራ የቡና መጋዘን ነበር። ወርዱ 16 ሜትር፣ ርዝመቱ 36 ሜትር። በየ6 ሜትሩ አንድ የብረት ፍሬም፣ በድምሩ 7። ድራፍተራችን (ሥዕል ሠሪው) ቴክላ በሚባለው የብረት ሥዕል ሶፍትዌር ላይ አሳምሮ ሠርቶታል፤ ብሎኑ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔም "ይሄማ አለቀ፣ ጭነቱን መቻሉን ወደሚያሰላው ሳፕ 2000 አሻግሬው ማታ ሪፖርቱን እጨርሳለሁ" አልኩ። ሌሊቱ የነጋው ራፍተሩ (ጣሪያውን የሚሸከመው ተዳፋት ብረት) ለምን አየር ላይ እንደሚንሳፈፍ ስፈልግ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞዴል አሻግሬያለሁ። ችግሮቹ ይመላለሳሉ እንጂ አዲስ የሚባል ብዙም የለም። የአብዛኞቹ ምንጭም አንድ ነው። የሥዕል ሶፍትዌሮቹ ቴክላና ሬቪት የሚያውቁት ብረቱን ነው፦ ውፍረቱን፣ ጫፉን፣ የት እንደተቆረጠ። የትንተና ሶፍትዌሮቹ ሳፕና ኢታብስ ደግሞ የሚያውቁት መስመርንና መስመሮች የሚገናኙበትን ነጥብ፣ ኖዱን ነው። ብረት ከብረት ጋር ተነካክቶ ይቆማል። መስመር ግን ጫፉ ከሌላው መስመር ጫፍ ጋር አንድ ነጥብ ላይ ካልገጠመ አልተያያዘም።

ክብደቱ አይገጥምም

ከዚህ ጀምሩ። ሞዴሉ ገና እንደገባ፣ ምንም ጭነት ሳትጨምሩ፣ የራሱን ክብደት ብቻ አስልታችሁ የቤዝ ሪአክሽኑን (መሠረቱ የሚሸከመውን ኃይል) ድምር እዩ። ከዚያ በካልኩሌተር አረጋግጡ።

የእኛ መጋዘን ኮለምም (ምሰሶውም) ራፍተርም አይፒኢ 300፣ ማለትም ቁመቱ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ የአይ ቅርጽ ብረት ነበር። አይፒኢ 300 በሜትር 42.2 ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱ ኮለሞች 6 ሜትር፣ 6 ሜትር፤ ሁለቱ ራፍተሮች እያንዳንዳቸው 8.16 ሜትር ገደማ። ለአንድ ፍሬም 28.3 ሜትር ብረት ማለት ነው። በ7 ሲባዛ ወደ 8.4 ቶን፣ ማለትም 82 ኪሎ ኒውተን። ስሌቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ሳፕ ምን አለ? 82,000 ካለ ሚሊ ሜትሩን ሜትር ብሎ አንብቦታል። በዲ ኤክስ ኤፍ (መስመር ብቻ በሚይዝ የሥዕል ፋይል) ስታሻግሩ ይህ በብዛት ይከሰታል፤ ፋይሉ ሲገባ ዩኒት የሚጠይቀውን መስኮት ሳናነብ "እሺ" ብለን ስለምናልፈው። ሰርዙትና ዩኒቱን አስተካክላችሁ እንደገና አስገቡት። ሞዴሉን በስኬል ለማሳነስ አትሞክሩ።

164 ካለ እያንዳንዱ አባል ሁለት ጊዜ ገብቷል። አንዱ መስመር በሌላው ላይ ስለተኛ በዓይን አይታይም። ፋይሉን ሁለተኛ ጊዜ ስታስገቡ የመጀመሪያውን ካላጠፋችሁ እንዲህ ይሆናል። ብሬሲንጉ (ፍሬሞቹን በሰያፍ የሚያስረው ብረት) ከሚጨምረው በላይ ከ82 ከፍ ካለ ደግሞ ኤንድ ፕሌቱና ስቲፍነሩ (የጫፍና የማጠናከሪያ ላሜራዎቹ) እንደ ቢም ተቆጥረው ገብተዋል። ቴክላ ላይ ስትልኩ ኮለም፣ ራፍተርና ብሬሲንግ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ አብጁ። የላሜራ ክብደት በኋላ በመቶኛ ይጨመራል።

ቁጥሩ ከገጠመ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናችሁ። የእኔም ገጥሞ ነበር።

"ስትራክቸሩ አልተረጋጋም" የሚል ማስጠንቀቂያ

ምልክቱ፦ ትንተናው ይቆማል፤ ወይም ያልቅና የማይመስል ቁጥር ይሰጣል። የጣሪያው መውረድ በሜትር ይጻፋል። የሞዳል ትንተና (የውዝዋዜ ስሌት) ከሠራችሁ የአንድ ፎቅ መጋዘን ፔሬድ፣ ማለትም የአንድ ሙሉ ውዝዋዜ ጊዜ፣ በአስሮች የሚቆጠር ሰከንድ ይሆናል። አኒሜሽኑን ክፈቱት። ሌላው ቆሞ አንድ ቁራጭ ብቻውን ሲበር ታያላችሁ። ጥፋተኛው እሱ ነው።

ምክንያቱ፦ የእኛን ልንገራችሁ። ራፍተሩ ኮለሙ ጎን ላይ በኤንድ ፕሌት ይታሰራል። የኮለሙ መሃል መስመር ከጎኑ 150 ሚሊ ሜትር ይርቃል፣ የ300 ግማሽ ማለት ነው። ኤንድ ፕሌቱ 20 ሚሊ ነው። ስለዚህ የራፍተሩ መስመር ከኮለሙ መስመር 170 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ያበቃል። ቴክላ ላይ ብረቱ ገጥሟል። ሳፕ ላይ ግን መሃሉ ባዶ ነው። ይህ በ14ቱም ማዕዘኖች ነበር።

መፍትሄው፦ ብዙ ሰው የሚሮጠው ቅርብ ለቅርብ ያሉ ኖዶችን ወደሚያዋህደው ትእዛዝ ነው። ርቀቱን 200 ሚሊ ብሎ ይሞላና ይጫናል። እኔም አድርጌዋለሁ። ራፍተሩ ገጠመ፤ ግን ከማዕዘኑ 150 ሚሊ ዝቅ ብሎ የታሰረው የብሬሲንግ ኖድም አብሮ ተውጦ ጠፋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ማዋሃጃውን ለጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ተጠቀሙበት።

ትክክለኛው ቦታ ምንጩ ነው። ቴክላ ውስጥ ከብረቱ ሌላ የትንተና ሞዴል የሚባል አለ። የእያንዳንዱ አባል የትንተና መስመር ጫፍ እዚያ ወደ ግሪዱ (የፕላኑ ማጣቀሻ መስመሮች) ይሳባል፤ ብረቱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሬቪት የምትጠቀሙ ከሆነ ከ2023ቱ እትም ጀምሮ የትንተና አባሎቹ ከብረቱ ተለይተው ራሳቸውን ችለዋል። በድሮው ልማድ "አብሮት ይመጣል" ብላችሁ ከጠበቃችሁ ባዶ ፋይል ይደርሳችኋል። ምንጩን መንካት ካልቻላችሁ፣ ድራፍተሩ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ስልክ ካላነሳ ማለት ነው፣ ሳፕ ውስጥ መስመሩን እስከ ኮለሙ የሚያስረዝም ትእዛዝ አለ። አድካሚ ቢሆንም ሌላ ኖድ አይነካም።

ፐርሊኑስ (ቆርቆሮው የሚታሰርበት አግዳሚ ብረት)? ራፍተሩ አናት ላይ ስለሚቀመጥ መሃል ለመሃል ሲለካ ሁሌም ክፍተት አለው። እኔ ፐርሊንን ጭራሽ አላሻግርም። ለብቻው አሰላውና ጭነቱን ራፍተሩ ላይ አስቀምጣለሁ። ይህን ስታደርጉ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ፐርሊኑ ራፍተሩን በጎን ደግፎ እንዳይጣመም ይይዘው ነበር። እሱ ሲቀር ሶፍትዌሩ 8.16 ሜትሩ በሙሉ ደጋፊ የለውም ብሎ ብረቱን በከንቱ ያስወፍራችኋል። ያልተደገፈውን ርዝመት በእጃችሁ ሙሉት።

ሞዴሉ ነጥብ አክሎ ይታያል

ፋይሉ ይገባል፣ ስክሪኑ ግን ባዶ ይመስላል። አሳንሳችሁ ስታዩ ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ወይም ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ የገጠሙ ኖዶችም "አልገጠሙም" ይባላሉ።

ሞዴሉ የተሳለው በሰርቬየሩ ኮኦርዲኔት ነው። ጅማ በዩቲኤም (በካርታ መለኪያ ሥርዓቱ) ዞን 37 ውስጥ ናት። የከተማዋ ቁጥር ወደ ምሥራቅ 260 ሺህ ሜትር፣ ወደ ሰሜን 848 ሺህ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ከፍታዋም ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። የእናንተ 16 ሜትር ፍሬም ከዜሮ ተነስቶ ወደ 890 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ተቀምጧል። እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ማዛነፉ አይቀርም።

ከመላካችሁ በፊት የአንዱን ማዕዘን ኮለም እግር ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ላይ አምጡት። ርቀቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ ሳይት ላይ ሲቀየስ ያስፈልጋል።

ኮለሙ 90 ዲግሪ ዞሯል

ይህኛው ቀይ መብራት አያበራም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ፍሬሙ ግን በንፋስ ከሚገባው በላይ ይወዛወዛል። አይፒኢ 300 በጠንካራ ጎኑ 8,356፣ በደካማ ጎኑ ደግሞ 604 ሴንቲ ሜትር አራተኛ ኢነርሺያ (መታጠፍን የሚቋቋምበት መጠን) አለው። ወደ 14 እጥፍ ልዩነት ነው። መወዛወዙ አብዝቶባችሁ "ጭነቱን አጋንኜ ይሆን?" ብላችሁ ወደ ንፋስ ስሌቱ ከመመለሳችሁ በፊት ኮለሙን ተመልከቱ።

ሳፕ ለእያንዳንዱ አባል ሎካል አክሲስ የሚባሉ የራሱ አቅጣጫዎች ይሰጠዋል፤ ለቆመ አባል በራሱ ልማድ ሁለተኛውን አክሲስ ወደ ኤክስ አቅጣጫ ያደርገዋል። ቴክላ የራሱ ልማድ አለው። በዲ ኤክስ ኤፍ ካሻገራችሁ ደግሞ መስመር ዙረት ስለሌለው መረጃው ጭራሽ አይመጣም። ሴክሽኑን (የብረቱን ዓይነትና መጠን) በሙሉ ቅርጹ የሚያሳየውን እይታ አብሩና በየኮለሙ ዙሩ። የዞረውን መርጣችሁ የሎካል አክሲሱን ማዕዘን 90 ስጡት። እኔ መጀመሪያ አንድ ኮለም ብቻ አሻግሬ አያለሁ፤ እሱ ከዞረ ሁሉም ዞረዋል።

ሴክሽኑ ሌላ ሆኖ ገብቷል

አንዱ ሶፍትዌር "አይፒኢ300" ብሎ አጠጋግቶ ይጽፋል፣ ሌላው ቦታ ለቆ። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ማዶ ለማዶ ናቸው። ሳያገኘው ሲቀር ያለውን ይሰጣችኋል። ስሞቹን የሚያዛምድ ሰንጠረዥ አንዴ ሥሩና ለሁሉም ፕሮጀክት ተጠቀሙበት። ቱቦላሬ ካለ በእጅ ብታስገቡት ይሻላል። ገበያ ላይ 3 ሚሊ ተብሎ የገዛሁት በካሊፐር ሲለካ 2.5 ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ማቴሪያሉንም አትለፉት። ኤስ 275 ብላችሁ የላካችሁት የብረት ደረጃ የአሜሪካ ኤ 992 ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። 275 ሜጋ ፓስካል የነበረው 345 ይሆናል። የሌላችሁን 25 በመቶ ጥንካሬ ሰጣችሁ ማለት ነው። የሚያልፍ ዲዛይን ደግሞ ማንም ተመልሶ አያየውም።

መገጣጠሚያውና ጣሪያው

እነዚህን ቶሎ ልለፋቸው። ሳፕ ውስጥ የገባ አባል ሪሊዝ (ጫፉ እንዲዞር የሚያደርግ ልቀት) ካልተሰጠው ጫፉ ድርቅ ብሎ እንደተበየደ ይቆጠራል። ብሬሲንጉ ላይ ሞመንት (የማጠፍ ኃይል) ካያችሁ እሱ ነው፤ ሁለቱን ጫፍ ልቀቁት። ቶርሽኑን (መጠምዘዙን) ግን በሁለቱም ጫፍ አትልቀቁ፤ አባሉ እንደ እንዝርት ይሽከረከርና ያ "አልተረጋጋም" የሚለው ነገር ይመለሳል።

የጣሪያ ጭነት ጨምራችሁ ቤዝ ሪአክሽኑ ካልተነቃነቀ፣ ቆርቆሮው ሳይሻገር ቀርቶ ጭነቱ የሚያርፍበት አጥቷል። ክብደትና ጥንካሬ የሌለው ስፋት ራፍተሮቹ ላይ ዘርግታችሁ ጭነቱን በአንድ አቅጣጫ እንዲያከፋፍል አድርጉ። ስትልኩ መብራት ከጠፋና ፋይሉ ከተቆረጠ ደግሞ አትጠግኑት፣ እንደገና ላኩት።

ሲመለስስ?

ከትንተናው ወደ ቴክላ መመለሻ መንገድ አለ። እኔ አልሄድበትም። ትንተናው ላይ ለማቅለል ያወረድኩትን ሁሉ ተሸክሞ ገብቶ የድራፍተሩን ሥራ ሲያበላሽ አይቻለሁ። የተቀየሩትን አባሎች ዝርዝር አትሜ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ይቀይራል።

የዚያ መጋዘን ኮለም በመጨረሻ አይፒኢ 330 ሆነ። ድራፍተሩ ዝርዝሩን ተቀብሎ ሲቀይር ቀና ብሎ "ራፍተሩም እኮ በየጫፉ 15 ሚሊ አጠረ" አለኝ። ሳፕ ላይ መስመሩ ያው ስለነበር እኔ አላየሁትም። ወርክሾፕ ደወልን። ኮለሙን ቆርጠው ነበር፣ ራፍተሩን ግን ገና አልነኩትም።